የአባት ሣጥንና የውርስ ሥርዓታችን፤ ከርስት ዘመን እስከ ዛሬ



ዕድራችን ሰውን እስከ መቃብር መሸኘት ያውቅበታል። ጡሩንባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፤ ቀባሪ ይሰበሰባል፤ ለቤተሰቡም በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣል። ድንኳኑ ተነቅሎ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። ይኸውም የሟቹን ቤትና ዕቃ፣ ዕዳና ብድር የማጣራት ሥራ ነው። ለዚህኛው ሥራ ጡሩንባ አይነፋም። የአባታቸውን አስከሬን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የተሸከሙ ወንድማማቾች በዓመቱ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ሲቆሙ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ስናይ «ገንዘብ ክፉ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን በቤቴ ከደረሰው እንደተማርኩት፣ ነገሩ የስስት ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት የተቀመጡ ወራሾች እያንዳንዳቸው የተለያየ ዘመን ሕግ ይዘው ስለሚናገሩ አይግባቡም። አንዱ በርስት ሥርዓት ይናገራል፤ ሌላው ከአያቱ በሰማው ልማድ፤ ሦስተኛው በአዋጅ። ሁሉም ግን እውነቱን የያዘ ይመስለዋል። ስለዚህ የውርስ ሥርዓታችን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ብናውቀው ከጠብ ያድነን ይሆናል በማለት ይህችን ጽሑፍ ለዓመታዊ መጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

የሣጥኑ መከፈት

አባቴ ያረፉት በጥር ወር 1973 ዓ.ም. ነው። አናጢ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከቡልጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በመጋዝና በመላጊያ ልጆች አሳድገው፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ቤት ትተው አለፉ። ከእናቴ የተወለድነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። አገር ቤት ደግሞ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የተወለደች፣ ከሁላችንም የምትበልጥ እኅት አለችን። መርዶ ሰምታ በሠልስቱ ደረሰች።

የአርባው ተዝካር በወጣ ማግሥት ነገር ተጀመረ። ወንድሜ «ጋሼ፣ ቤቱ ወደ እኔ ስም ይዙር፤ እማማን እኔ እጦራለሁ። ለተዝካሩ የተበደርኩትም 300 ብር ከአባባ ንብረት ይነሣልኝ። እትዬ ደግሞ የአገር ቤቱን ርስት ትያዝ» አለ። እኔም ብሆን አልተሻልኩም። «ወንድ በኩር እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ቃል የእኔ ነው» አልኩ። እኅታችን ነጠላዋን እየጠመዘዘች «እኔ መሬትም አልጠየቅኋችሁ፤ ያባቴ ልጅ መሆኔን ብቻ እንዳትረሱብኝ ነው» አለች። እናቴ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዚያን ጊዜ በዕድራችን ዳኝነት የሚያገለግሉ፣ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያረጁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠርተናቸው ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡ። ጭቅጭቃችንን አዳምጠው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ ከመናገር በፊት መቁጠር ይቅደም። የአባታችሁን ሣጥን ወደ መካከል አምጡት» አሉን።

ሣጥኑ ተከፈተ። አዛውንቱ ወረቀቱን ሁሉ አውጥተው በሰሌኑ ላይ በሦስት ክምር ለዩት። ከታች የነበረው የአገር ቤት መሬት የግብር ደረሰኝ፣ ከመካከል የነበረው የሁለት ኪራይ ክፍሎች ውል፣ ከላይ የነበረው የቤቱ ወረቀት፣ የዕድር ደብተራቸውና ዕዳቸውን የጻፉባት ትንሽ ደብተር ነበር። «ተመልከቱ፤ ሦስት ዘመን በአንድ ሣጥን» አሉ። እኔም ታሪኩን በዚሁ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ክምር፤ የርስት ዘመን

እንደሚታወቀው በጎጃም፣ በበጌምድርና በሰሜን ሸዋ በመሳሰሉት አገሮች የሰው ዋናው ሀብት ርስት ነበር። ርስት ዛሬ እንደምናውቀው የግል ንብረት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚቆጠር የዘር መብት ነው። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ መጠየቅ ይችላል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንዱ ባለ ርስት ናት። ለባዕድ መሸጥ ግን ነውር ነው። «ርስት በሺህ ዓመቷ ለባለቤቷ» የተባለው መብቱ በርቀት የማይጠፋ ስለሆነ ነው።

ሥርዓቱ ጥሩም ክፉም ነበረው። ጥሩው፣ ሰው ከዘሩ ጋር ተያይዞ መኖሩ ነው። ክፉው ደግሞ ሙግቱ ነው። ትውልድ እየቆጠሩ ሲካሰሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ሴቲቱም በሕጉ ባለ ርስት ብትሆንም፣ ባሏን ተከትላ ሩቅ አገር ስትሄድ መሬቱን በእጃቸው የሚያደርጉት ቀርተው የሚያርሱት ወንድሞቿ ነበሩ። ስለዚህ መብቷ በአፍ ይቀራል።

ከርስት ውጭ ላለው ሀብት፣ ማለት ለከብቱ፣ ለዕቃውና ለገንዘቡ፣ ዋናው መንገድ ኑዛዜ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። በልማዳችን በሽተኛው ሲከብደው የነፍስ አባቱና ሽማግሎች ይጠሩና «ይኼ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ብሎ በቃሉ ይናዘዛል። ለዚህም ነው በቋንቋችን ኃጢአትን ለካህን መንገርና ንብረትን ለወራሽ ማደል በአንድ ቃል ኑዛዜ የሚባሉት።

አዛውንቱ «አባታችሁ ኑዛዜ አላቸው ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ወንድሜ «ለነፍስ አባታቸው ተናዘዋል» አለ። «እርሱ የነፍሳቸው ነው፤ ካህኑም አያወጡትም። እኔ የምጠይቀው የቤቱን ነው» አሉት። የቤቱ ኑዛዜ አልነበረም።

ሁለተኛው ክምር፤ የ1952ቱ ሕግና የ1967ቱ አዋጅ

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሣይ አገር የሕግ ሊቅ ናቸው። ስለ ውርስ የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ የምንሠራበት ነው። ለእኛ ቤት ጉዳይ የሚጠቅሙትን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወንድ፣ ሴት፣ በኩር፣ ታናሽ የሚባል ልዩነት የለም። ልጁ ቀድሞ ሞቶ እንደሆነ የልጅ ልጆች በእርሱ ምትክ ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ ሚስት የባልዋ፣ ባልም የሚስቱ ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን መደንገጥ አያስፈልግም። በጋብቻ ውስጥ አብረው ያፈሩት ሀብት ግማሹ ከመጀመሪያውም የእርስዋ ነው። ለወራሾች የሚቀርበው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የቃል ኑዛዜ እንደ ዱሮው ሁሉን አያደርግም። በሁለት ምስክር ፊት ተነግሮ ስለ ቀብሩ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪ ብቻ ሊያዝ ይችላል። ቤት በቃል አይናዘዙትም።

አራተኛ፣ ከውርሱ ሀብት ላይ ቀድሞ የሚከፈለው ለሟቹ ማዕረግ የሚገባው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፤ ከዚያም የሟቹ ዕዳ። ለጸሎቱና ለመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት የሚወጣው ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። እንግዲህ ተዝካር የፍቅርና የእምነት ነገር ነው፤ በሌሎች ወራሾች ላይ የሚጻፍ ዕዳ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሳለ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አባወራው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገባ። አባቴ ከግቢያቸው ጎን ሠርተው ያከራዩአቸው ሁለት ክፍሎችም በዚሁ ሄዱ። ውሉን ግን አልጣሉትም፤ አጣጥፈው በሣጥን አስቀምጠውት ነበር።

አዛውንቱ የግብሩን ደረሰኝ በአንድ እጅ፣ የኪራዩን ውል በሌላው ይዘው ወንድሜን ተመለከቱት። «ልጄ፣ እኅትህን ርስት ትያዝ አልካት። ርስት የምትለው ከቀረ ስድስት ዓመት ሆነው። እርስዋ ዛሬ የምታርሰው ገበሬ ማኅበሩ ለእርስዋና ለባልዋ የመራላቸውን ነው። የሌለ ነገር አድለህ ያለውን ልትወስድባት ነው?» አሉት። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም በኩርነትህን አንሥተሃል። በሕጉ ውስጥ በኩር የሚባል የለም። በዕድሜም ቢሆን በኩሯ እርስዋ ናት።» አፈርኩ።

ሦስተኛው ክምር፤ ቤቱ፣ ዕዳውና ዕቃው

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ሆነ። ቤቱ አባቴና እናቴ አብረው ያፈሩት ስለሆነ ግማሹ የእናቴ ነው። ግማሹ ለሦስት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳችን አንድ ስድስተኛ ደረሰን። ቤቱንም እናቴ በሕይወት እስካሉ እንዳይነካ ሁላችንም ፈረምን። እናቴ ያን ጊዜ ነበር የተናገሩት። «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ ብዬ እኮ አርባ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ። አርባ ቀን ሙሉ ለለቀስተኛ ቡና ሲያፈሉ፣ ማታ ማታ የት እወድቃለሁ እያሉ ያስቡ ኖሯል። ከመካከላችን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም ነበር።

ዕዳው ከትንሿ ደብተር ተነበበ። ለእንጨት ነጋዴ 85 ብር ነበረባቸው፤ ሁለት ደንበኞች ደግሞ 40 ብር ነበረባቸው። ዕዳው ከተሰበሰበው ብድርና በቤት ከተገኘው ጥሬ ገንዘብ ተከፈለ። የተዝካሩ 300 ብር ከንብረቱ አልተነሣም። እኔ ግን ወንድሜን ብቻውን ልተወው አልፈለግሁም፤ በውድ ግማሹን ከፈልኩ።

ዕቃው ተራ በተራ ተጻፈ። የአናጢነቱ መሣሪያ ተገምቶ፣ ሙያውን የያዘው ወንድሜ ስለሆነ ለእርሱ ተሰጥቶ ከድርሻው ታሰበ። ሬድዮኑ ለእናቴ ቀረ። እኅታችን ምረጪ ብትባል ጋቢያቸውንና ዳዊታቸውን ብቻ አነሣች።

ጽሑፉ ሲያበቃ አዛውንቱ «ከዚህ ሣጥን ቀድሞ የወጣ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። የአባቴ የእጅ ሰዓት በኪሴ ነበረች። በቀብሩ ዕለት ማታ «ለወንድ በኩር ነው የሚገባው» ብዬ ለራሴ ፈርጄ ያነሣኋት ናት። አውጥቼ በሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አልተቆጣኝም። አዛውንቱ «አንድ የእጅ ሰዓት» ብለው ከዝርዝሩ ግርጌ ጻፉ። በኋላ እኅቴና ወንድሜ «ትያዝለት» ብለው መልሰው ሰጡኝ። ሰርቄ የያዝኳትና ተሰጥታኝ የያዝኳት ያቺው አንዲት ሰዓት ናት፤ ክብደቷ ግን አንድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ

እናቴ በ1988 ዓ.ም. አረፉ። የእርሳቸው ግማሽ የሚወረሰው ከእርሳቸው ለተወለድነው ለእኔና ለወንድሜ ነበር። ስለዚህ ቤቱ በአሥራ ሁለት ቢከፈል ሁለቱ እጅ የእኅታችን፣ አምስት አምስቱ የእኛ ሆነ። የወራሽነት ማረጋገጫ ስናወጣ የ1973ቱ ዝርዝር ከነምስክሮቹ ፊርማ በእጃችን ስለነበር ክርክር አልተነሣም። በ2002 ዓ.ም. ቦታው ለልማት ተፈልጎ ካሣ ሲከፈልም በዚያችው ወረቀት ተካፈልን። እኅታችን ሳትጠራ የቀረችበት ጊዜ የለም።

በእነዚህ ዓመታት ሕጉም አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ ሴቶች በውርስ ረገድ እኩል መብት እንዳላቸውም በግልጽ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ። ሙስሊም ወገኖቻችን ሁሉም ተከራካሪዎች ከተስማሙ ውርሳቸውን በዚያ ማስወሰን ይችላሉ። በሸሪዓም ቢሆን የቀብሩ ወጪና ዕዳው ሳይከፈል ድርሻ አይደለደልም፤ በኑዛዜ ለሌላ የሚሰጠውም ከሢሶ አያልፍም። በገጠርም በ1997 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ባለ ይዞታው የመጠቀም መብቱን ለቤተሰቡ አባል እንዲያወርስ ፈቀደ።

ለአባሎቻችን የማሳስበው

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉትን ብንይዝ ይበቃናል እላለሁ።

በሕይወት ሳለን እንጻፍ። ኑዛዜ ሞትን አይጠራም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያውኑ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ተናዛዡ ሁሉንም በራሱ እጅ ጽፎ ማስቀመጥም ይችላል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በትራስ ሥር የተረሳ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ነው።

ዕዳችንንና ብድራችንን በደብተር እንያዝ። የአባቴ ትንሽ ደብተር ከቤቱ ወረቀት ባልተናነሰ ጠቅማናለች።

ድንኳን እንደተነቀለ፣ አንድም ዕቃ ከቤት ሳይወጣ፣ ወራሾች ሁሉ ባሉበት ሁለትና ሦስት የዕድር ሰው ተጠርቶ ንብረቱ ይቆጠር፤ ይጻፍ፤ ይፈረም። የዕድር ሰው እዚህ ላይ ዳኛ አይደለም። ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ይሾማል። የዕድር ሰው ሥራው ማየትና መመስከር ነው። አንድ ወራሽ የውርስ ሀብቱን ለብቻው ይዞ ከሆነ፣ ሌላው መብቱንና የንብረቱን በሌላ እጅ መያዝ ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ሩቅ አገር ያለውንም ወራሽ በጊዜው ማስታወቅ ይገባል።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን እንጠይቅ። በለቅሶ ቤት ጥግ ዝም ብለው የተቀመጡት እናት ወይም አባት ቤታቸው የራሳቸው መሆኑን ከልጆቻቸው አፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይስሙ። አርባ ቀን አያስጠብቋቸው።

እኒያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። በቀብራቸው ዕለት ድንኳኑን ከተከልነው አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሰዓቷም በእጄ ነበረች። ነፍሳቸውን ይማር።

ቸር ይግጠመን።

ከዕድሩ አባላት አንዱ